ብርሃን ጨምሪባት

ጠባሴ ነው ሱቃችን፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
ባነር እናትማለን፣ የሠርግ ካርድ፣ የሙት ዓመት ፎቶን።
የቆርቆሮ ነጋዴው፣ አቶ ተክለወልድ፣
ገባ አንድ ማለዳ፣ በካፖርቱ ይዞ የውጩን ብርድ።
«ቆርቆሮ ብቻውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?
ሴት አድርጊበትና እሱ ራሱ ይሸጣል።»

ልጅቷም አብራው መጥታ፣ ከበሩ ዘንድ ቆማ፣
የውብዳር ትባላለች፣ የዚሁ ከተማ።
አምስት መቶ ብር ነው ለፊቷ የታሰበው፣
ከአንዲት ቆርቆሮ ዋጋ፣ ልብ በሉ፣ ያነሰው።
ጉንጯን የበሬሳ ውርጭ ልጦ አጥቁሮታል፣
ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ ይታያል፤
ውሃ ስትጎትት ከጉድጓድ፣ በልጅነት፣
መዘውሩ ዞሮባት የተወው ምልክት።

«ይሄን አጥፊው» አለኝ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስደግፎ፣
«ወገቧን ሰብሰብ አርጊው፣ ደረቷን ደግሞ...» ሳቀ፣ ቃሉን ገድፎ።
«ፊቷ ጨልሟል እኮ፣ ብርሃን ጨምሪባት!»
ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ ብርሃን አነሳት።

እኔም ታዘዝኩ። ኪራይ ደርሷል፣ ወሩ ተገባዷል፤
ማውስ የለመደ እጅ መች ይጠይቃል?
ከጠባሴዋ ልጅ ላይ ጠባሳ አጠፋሁ፣
ጉንጯን አለሰለስኩ፣ አንገቷን አረዘምኩ፣
ከንፈሯን አቀላሁ፤
ማታ፣ መብራት ሊሄድ ሲል፣ ቀና ብዬ ባየው፣
ከፊቷ የፋቅሁት ለካ ሀገሩን ነው።

ተሰቀለች ከመግቢያው፣ ስድስት ሜትር ሆና፣
ቆርቆሮ እንዳቀፈች፣
በዚያ ብርድ! ትከሻዋ ራቁት፣ አንገቷ ዘንበል፣ ቀና።
ባለ ባጃጆቹ ስም አወጡላት፣ «ቆርቆሮ» እያሉ፣
«ያቺ ትበልጥሻለች» ብለው ደግሞ ያክላሉ።
የውብዳር መንገድ ቀይራ በጓሮ ትሄዳለች፣
ስድስት ሜትር ከሆነች ከራሷ ትሸሻለች።

ታናሿ ባንቺወሰን፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣
መጣች አንድ ከሰዓት፣ የክሬም ብልቃጥ በእጅ፤
ፊቷ እንደ ድንች ልጣጭ ቦታ ቦታው ተልጧል፣
ወገቧ በመቀነት ትንፋሽ እስኪያጥር ታስሯል።
ምሳ ከተወች ሰነበተች አሉ፣ «ጾም ነው» እያለች፣
ማን ያወጀው ጾም እንደሆነ ሳትናገር ቀረች።

ለፈተና መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ ነው የፈለገችው፤
«እንደ እህቴ አድርጊኝ» አለች።
«እንደ የትኛዋ?» አልኳት።
መልሷ አገጯ ነበር፣ ወደ መግቢያው መንገድ ቀስ አርጋ ያነሳችው።

ስሟን አሰብኩና፣ በቃ፣ ባንቺ ይወሰን ብዬ፣
እንዳለች አተምኩላት፣ ጉንጯን ሳልነካ፣ ማውሱን ጥዬ።
በኩራት ሰጠኋት (ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ) ጻድቅ የሆንኩ መስሎኝ፣
አየችው፣ ገለበጠችው፣ በጠረጴዛው ላይ መልሳ ገፋችልኝ።
«ይቺ እኔ አይደለሁም» አለች። ወጣች። በሩን ሳትዘጋ፣
ሳትከፍል፣ ሳትጠይቅ፣ የአራት ፎቶ ዋጋ።

ሐምሌ ላይ ነፋስ መጣ ከጣርማ በር በኩል፣
ባነሩን ቀደደው ከግንባሯ እስከ እኩል፤
ግማሹን አመለወርቅ፣ ድንች ቸርቻሪዋ፣
ዝናቡ ሲያይልባት፣ ልብስ አረገችው ለጆንያዋ።
እዚያ አየኋት የውብዳርን፣ ሁለት ኪሎ ስታስመዝን፣
የገዛ አፏን ገልጣ፣
ድንች ስትመርጥ ከሥሩ፣ ሳትስቅ፣ ሳታዝን።

ፎቶዎቹ ግን አሉ፣ ከመሳቢያዬ ውስጥ፣
አራት ባንቺወሰን፣ ዓይኗን ሳትሰብር የምታፈጥ።
ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰው መጣ፣ የውሃ ታንከር የሚሸጥ፤
«ሴት አድርጊበት» አለኝ።
ማውሱን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።
«መጀመሪያ» አልኩት፣ «ስንት ሊትር ይይዛል?»
አልሰማኝም።
ስልኩን አቀርቅሮ የልጅቷን ፎቶ ይፈልጋል።